ቃሪያ በጓሮ፦ ከዘሩ እስከ ለቀማው

ቃሪያ የማይገባበት ቤት የለም። ሽሮው ላይ አለ፣ ቲማቲም ቁርጡ ላይ አለ፣ ጾም ሲገባ ደግሞ ስንጉ ይመጣል። ይህን ሁሉ ለማብቀል ሰፊ መሬት አያስፈልግም። ለእኛ ቤት፣ ለአምስት ሰው ማለት ነው፣ ስድስት ደህና የያዙ እግሮች ይበቃሉ። ለጎረቤትም ይተርፋል።

እኔ የጀመርኩት በ2012 ዓ.ም. ነው፣ ኮሮና ቤት ባዋለን ጊዜ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ አልጋ በምታህል ቁራሽ መሬት ላይ። በዚያ ዓመት አሥራ ሁለት እግር ተከልኩ፣ ክረምቱን ያለፉት አራት ብቻ ናቸው። ስምንቱ ሐምሌ ላይ ጠወለጉ። ጠዋት ደህና የነበረው ማታ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተንጠልጥሎ አገኘዋለሁ። የጠማው መስሎኝ ውሃ አጠጣዋለሁ። በማግስቱ ይብስበታል። ከዚያ አንዱን ነቀልኩና ግንዱን ከሥሩ ከፍ ብዬ በቢላ ሰነጠቅሁት። ውስጡ ነጭ መሆን ሲገባው ቡናማ ሆኗል። ሥሩን በሁለት ጣት ይዤ ስስበው ቅርፊቱ እንደ ካልሲ ወልቆ እጄ ላይ ቀረ። በስብሷል።

ያን ቀን የገባኝን ነገር ነው ዛሬ ደግሜ ደጋግሜ የምነግራችሁ። ደጋ ላይ ቃሪያን የሚገድለው ጥማት አይደለም፤ ብርድና ውሃ ነው። ዘር ማንዘሩ ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ ሞቃት አገሮች የመጣ ተክል ነው፣ እግሩ ሲርሰውና ሲበርደው አይወድም። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ፣ ቀኑን መምረጡም፣ መደቡን ከፍ ማድረጉም፣ ውሃውን መመጠኑም፣ ለዚህ ነው።

የትኛውን ልትከል?

መጀመሪያ ምን እንደምትፈልጉ ወስኑ። በአረንጓዴው የሚበላ ቃሪያ ነው? ቀይ ሆኖ የሚደርቅ በርበሬ ነው? ወይስ ሚጥሚጣ?

ቃሪያና በርበሬ አንድ ተክል ናቸው። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው ይገርመዋል። ፍሬው በአረንጓዴው ሲቀጠፍ ቃሪያ ይባላል፣ እግሩ ላይ ቀልቶ ሲደርቅ በርበሬ ይሆናል። ዝርያቸው ግን ይለያያል፣ አንዳንዱ ለአረንጓዴ ይመቻል፣ አንዳንዱ ለማድረቅ። ለበርበሬ ስሙ የገነነው ማረቆ ፋና ነው፤ ፍሬው ሰፋ ያለ፣ ሲደርቅ ጠቆር ያለ ቀይ። ባኮ ሎካልም አለ። ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት ደግሞ ስማቸው መልካ ብሎ ይጀምራል፤ መልካ አዋዜ፣ መልካ ሾቴ፣ መልካ ዛላ። ሚጥሚጣ ዘመዳቸው ቢሆንም ሌላ ነው። ፍሬው ትንሽ፣ ወደ ላይ የቆመ፣ ለመድረስም ብዙ ጊዜ የሚፈልግ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትተክሉ ከሆነ በቃሪያ ጀምሩ፣ ሚጥሚጣ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ዘሩን ከየት? የታሸገ ዘር ከግብርና ዕቃ መሸጫ ብትገዙ ጥሩ ነው፣ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቀን ግን እዩ። የቃሪያ ዘር ሁለት ሦስት ዓመት ካለፈው ብቅለቱ ይቀንሳል። ከገበያ ዛላ በርበሬ ገዝቶ ዘሩን ማውጣትም ይቻላል፣ እኔም አድርጌዋለሁ። የሚያስቸግረው፣ በርበሬው እንዴት እንደደረቀ አታውቁም። እርጥበት ይዞት የሻገተ፣ ወይም ምጣድ ላይ የታመሰ ከሆነ አይበቅልም። ከአረንጓዴ ቃሪያ የወጣ ዘር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጮርቃ ነው። ቢያንስ መቅላት የጀመረ ፍሬ ፈልጉ።

መቼ?

አዲስ አበባና መሰል ደጋ ላይ ያላችሁ፣ ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ዝሩ። ችግኙ ሁለት ወር ገደማ ይፈጅበታል። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ወደ መደቡ ይዛወራል፣ ግንቦት ሙቀት እያለ ያብባል፣ ክረምቱ ሲመጣ ሥሩ ጠንክሮ ይጠብቀዋል። ሰኔ ላይ ዘርታችሁ ከሆነ ግን ለጋው ችግኝ በሐምሌ ዝናብና ደመና መሐል ነው የሚያድገው። ቀጥኖ፣ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። መስከረም ላይ የሚዘራም አለ፣ ቆላ ከሆነ ያዋጣል፣ እዚህ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጠብቀዋል።

አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ አዋሽ አካባቢ ያላችሁ ብርዱ አያሳስባችሁም። የእናንተ ጣጣ ሙቀቱ ነው፣ እሱን አበባ ላይ ስደርስ አወራዋለሁ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ከሆናችሁ ማርች መጀመሪያ ላይ ቤት ውስጥ ዘርታችሁ ሜይ አጋማሽ ካለፈ ወዲያ ወደ ውጭ አውጡ። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ በተቃራኒው፣ የበጋው ሙቀት ሲያልፍ የሚያድግ እንዲሆን ኦገስት መጨረሻ ወይም ሴፕቴምበር ላይ ዝሩ፤ ክረምታችሁ ለቃሪያ ምቹ ነው።

ዘሩን ማብቀል

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። ጎመን በአራት አምስት ቀን ብቅ ይላል፣ ቃሪያ ግን ሙቀት ካገኘ ከስምንት እስከ አሥራ አራት ቀን ይፈጃል፣ ከበረደው ሦስት ሳምንትም ሊቆይ ይችላል። በአሥረኛው ቀን «ይሄ ዘር አይረባም» ብሎ አፈሩን የደፋ ሰው አውቃለሁ። በአንድ ሳምንት ነው የቀደመው።

ዘሩ የሚወደው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየካቲት ሌሊት ይህ ሙቀት ውጭ አይገኝም። ስለዚህ ቤት ውስጥ እናበቅለዋለን። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ማታ ዘሩን ለብ ባለ ውሃ እነክረዋለሁ፣ ያድራል። ጠዋት ሶፍት አርሼ፣ ጨመቅ አድርጌ፣ ዘሩን በላዩ እበትንና አጥፈዋለሁ። ፌስታል ውስጥ ከትቼ አፉን ሳላጠብቅ ፍሪጅ አናት ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ እዚያ ሁልጊዜ ሞቅ ያለ ነው። ፍሪጅ ከሌለ ምጣድ ቤት ከፍ ያለ ቦታ ይሆናል፣ እሳት አጠገብ ግን አይደለም። ሶፍቱ እንዳይደርቅ በየቀኑ አየዋለሁ። ነጭ ጫፍ ሲያወጣ፣ ሥሩ ገና ሩዝ ሳያህል፣ ወደ አፈር ይገባል። ከዚያ በላይ ከቆየ ሥሩ ሶፍቱ ውስጥ ይጠላለፍና ስታነሱት ይሰበራል።

ይህ መንገድ ሌላም ጥቅም አለው። አሥር ዘር አድርጋችሁ ስድስቱ ከበቀሉ፣ ዘራችሁ ምን ያህል እንደሚታመን አወቃችሁ ማለት ነው።

ለችግኝ አፈር ሁለት እጅ ጥሩ የጓሮ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሉ። ከወንፊት ሰፋ ባለ ነገር አበጥሩት፣ ድንጋዩ ይውጣ። ከዚያ የፈላ ውሃ አፍስሱበትና ቀዝቅዞ፣ ጠፈፍ እስኪል ተዉት። ይህን አትዝለሉት። ለጋ ችግኝ አንገቱ ላይ፣ አፈሩን በሚነካበት ቦታ፣ እንደ ክር ቀጥኖ በአንድ ሌሊት የሚወድቀው አፈር ውስጥ ባለ ፈንገስ ነው። የፈላ ውሃው ያን ይቀንሳል። ቀሪውን የሚጠብቀው አለማጨቅየት ነው።

ዕቃው ማንኛውም ነገር ይሆናል። የእርጎ ኩባያ፣ ከወገቡ የተቆረጠ ባዶ ሃይላንድ፣ ጥቁር የችግኝ ፕላስቲክ። ታቹ ይበሳ። ምስማር እሳት ላይ አግላችሁ ሦስት አራት ቦታ ብሱት። ዘሩን አንድ ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ቅበሩት፣ ከዚያ በላይ ጥልቅ ከገባ ለመውጣት ይደክማል።

ሲወጣ ማየት ደስ ይላል። መጀመሪያ የሚታየው አንገቱን የደፋ ነጭ ቀንበጥ ነው፣ ጭንቅላቱ ገና አፈር ውስጥ ነው። በማግስቱ ቀና ይላል፣ ሁለት ቀጫጭን ቅጠሎች ይዘረጋል። አንዳንዴ የዘሩ ቅርፊት ቅጠሎቹ ጫፍ ላይ እንደ ቆብ ይቀራል። አትጎትቱት! ቅጠሉ አብሮ ይነቀላል። በጣታችሁ ጠብታ ውሃ አድርጉበት፣ ሲለሰልስ ራሱ ይወድቃል።

ከበቀለበት ቀን ጀምሮ ብርሃን ይፈልጋል። ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ከቆየ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል፣ ቁመት ብቻ ይሆናል፣ ግንዱ አይችለውም። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ አድርጉት፣ በየቀኑም ዕቃውን አዙሩት።

ቦታውና መደቡ

ችግኙ እያደገ እናንተ መሬቱን አዘጋጁ። ቢያንስ ስድስት ሰዓት፣ ቢቻል ስምንት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ መሆን አለበት። ጀርባውን ግድግዳ የሚከልለው ቦታ ካላችሁ ታድላችኋል። ግድግዳው ቀን የሞቀውን ማታ ይመልሳል፣ ለደጋ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የኔ ምርጦች ሁልጊዜ ግድግዳው ሥር ያሉት ናቸው።

ባለፈው ዓመት ቲማቲም፣ ድንች ወይም ደበርጃን የነበረበት ቦታ አይሁን። ሁሉም የቃሪያ ቤተሰብ ናቸው፣ በሽታቸው አንድ ነው፣ አፈሩ ውስጥ ይጠብቃል። ሽንኩርት፣ ጎመን ወይም ባቄላ የነበረበት ይሻላል።

መሬቱን አንድ ክንድ ያህል ቆፍራችሁ አለስልሱት። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ ቀላቅሉበት፣ በካሬ ሜትር አንድ ባልዲ ያህል። ትኩስ ፍግ እንዳትጨምሩ። በተለይ የዶሮ ኩስ ያቃጥላል፣ ሁለት ሦስት ወር ተቆልሎ ካልቆየ አይነካ።

ከዚያ መደቡን ከመሬቱ 20 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጉት። ጥቁር አፈር፣ ዋልካ ከሆነ 30 ይሁን። ዋልካ ውሃ ይዞ አይለቅም፣ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ስንጥቅ ነው፤ አሸዋና ብስባሽ በብዛት ይፈልጋል። በመደቦቹ መሐል ውሃ የሚወርድበት ቦይ ተዉ። የመጀመሪያው ዓመት ስምንቱ እግሮቼ የሞቱት ይህ ስላልነበረ ነው። በሁለተኛው ዓመት ያደረግሁት ትልቁ ለውጥ መደቡን ከፍ ማድረግ ብቻ ነበር፤ ከአሥር አንድ ነው የሞተብኝ።

መሬት የሌላችሁ፣ ኮንዶሚኒየም ያላችሁ፣ በረንዳ ይበቃል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አናቱን ቁረጡትና ታቹን ብሱት። ለአንድ እግር 10 ሊትር ትንሹ ነው፣ ሰፋ ሲል ይሻላል። ባልዲ ውስጥ ያለ ቃሪያ አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ዝናቡ ሲበረታ ወደ ውስጥ ታስገቡታላችሁ።

ማዛወር

ችግኙ ከአራት እስከ ስድስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ፣ ቁመቱ 15 ሳንቲሜትር አካባቢ ሲደርስ ዝግጁ ነው። ግን ከመስኮት በቀጥታ ወደ ሜዳ አይወጣም። ማለማመድ ያስፈልገዋል። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን፣ መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ጥላ ሥር፣ ቀጥሎ ሁለት ሰዓት፣ እያለ እያለ ሙሉ ቀን። ይህን ሳታደርጉ ብታወጡት ቅጠሉ በአንድ ቀን ነጭ ሆኖ ይቃጠላል።

የምትተክሉት ከሰዓት በኋላ ነው፣ 10 ሰዓት ካለፈ፣ ወይም ደመና ባለበት ቀን። ከመትከላችሁ በፊት ችግኙን አጠጡት፣ አፈሩ ሥሩን ይዞ እንዲወጣ። ግንዱን ይዛችሁ አትጎትቱ። ዕቃውን ገልብጣችሁ በመዳፋችሁ ተቀበሉት። ቀድሞ በነበረበት ጥልቀት ልክ ትከሉት፤ ቲማቲም ግንዱ ቢቀበር ሥር ያወጣል፣ ቃሪያ ግን እንደሱ አይደለም። በእግርና በእግር መሐል ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር፣ በረድፍና በረድፍ መሐል 70። ባዶ መስሎ ይታያችኋል፣ ሌላ ጨምሩ ጨምሩ ይላችኋል፣ አትጨምሩ። ነፋስ ካልገባበት በሽታ ይይዘዋል።

አንድ ትንሽ ነገር ላሳያችሁ። ሌሊት ከአፈር ወጥቶ ለጋ ግንድ ከታች የሚቆርጥ ትል አለ፣ ጠዋት ስትወጡ ችግኙ እንደ ታጨደ ተጋድሞ ታገኙታላችሁ። መከላከያው ቀላል ነው። ከሃይላንድ ጠርሙስ አራት ጣት የሚያህል ቀለበት ቁረጡና ችግኙን በመሐሉ አድርጋችሁ ግማሹን አፈር ውስጥ ቅበሩት። ትሉ ይህን አያልፍም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግንዱ ሲጠነክር ታነሱታላችሁ።

ውሃ

እንግዲህ ዋናው ጉዳይ። «በቀን ስንት ጊዜ ላጠጣ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። በቀን አይደለም። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ ሂዱ፣ ሥራ አለባችሁ። ደረቅ ከሆነ አጠጡ፣ ስታጠጡ ደግሞ ጠገብ እስኪል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል፣ አልፎ አልፎ በደንብ ማጠጣት ግን ወደ ታች እንዲወርድ ያደርገዋል። በበጋ ይህ በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንዴ ይሆናል። ባልዲ ውስጥ ያለው ቶሎ ስለሚደርቅ በየቀኑም ሊፈልግ ይችላል፣ እሱንም ጣታችሁ ይነግራችኋል።

ጠዋት አጠጡ። ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አታፍስሱ።

እኩለ ቀን ላይ በፀሐይ ቅጠሉ ትንሽ ዝልል ቢል አትደንግጡ፣ ማታ ቀና ካለ ደህና ነው። ጠዋት በቀዝቃዛው ሰዓት ጠውልጎ ካገኛችሁትና አፈሩ ደረቅ ከሆነ ጠምቶታል። ጠዋት ጠውልጎ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ግን ሥሩ እየበሰበሰ ነው፤ በዚያን ጊዜ ውሃ መጨመር መግደል ነው። እኔ ሐምሌ ላይ ያጠፋሁት ይህንኑ ነው፣ ሁለቱን አልለየሁም።

በደረቁ ወራት አፈሩን በጤፍ ጭድ ወይም በደረቅ ሣር አልብሱት፣ አራት አምስት ሳንቲሜትር ውፍረት ይበቃል። ግንዱን ግን አይንካው፣ አንድ መዳፍ ያህል ራቅ ይበል። ክረምት ሲገባ ጉዝጓዙን አሳሱት፣ አፈሩ ይተንፍስ። ዝናብ እየጣለ ደግሞ ማጠጫውን መጋዘን አስገቡት።

ምግቡ

አጭር ነው። መደቡ በብስባሽ ከተዘጋጀ፣ ከተዛወረ በአንድ ወሩና ማበብ ሲጀምር አንዳንድ እፍኝ ብስባሽ ዙሪያውን ጨምሩና በስሱ ኮትኩቱ። ዩሪያ አታብዙ። ዩሪያ የበዛበት ቃሪያ ያምራል፣ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል፣ ሰው ያደንቀዋል፣ ፍሬ ግን የለውም። የእንጨት አመድ በእግር አንድ ጭብጥ ጥሩ ነው፣ በተለይ ቀይ አፈር ላይ። ከዩሪያ ጋር አንድ ላይ ግን አታድርጉት፣ ናይትሮጂኑ ተንኖ ይጠፋል።

አበባው ረገፈ

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል። ተክሉ ደህና፣ ቅጠሉ ደህና፣ አበባው ግን በጣት ሲነኩት ይረግፋል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሙቀት ነው። ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ ወይም ቀኑ ከ32 እስከ 35 ሲያልፍ አበባው አይዝም። ደጋ ያላችሁ ማታ ማታ በቀጭን ፕላስቲክ ወይም በአሮጌ ነጠላ ሸፍኑት፣ ጠዋት ግለጡት። ቆላ ያላችሁ በእኩለ ቀን ጥላ ስጡት፣ ጆንያ ከላይ መወጠርም ይበቃል። ሌላው ምክንያት ውሃው አንዴ በዝቶ አንዴ መጥፋቱ ነው። በረንዳ ላይ ያለና ነፋስ የማያገኝ ከሆነ ደግሞ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ቅርንጫፉን በስሱ ነቅንቁት፣ አበባው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ የሚፈልገው እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

የመጀመሪያዋን አበባ፣ ግንዱ መጀመሪያ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ የምትወጣዋን፣ እኔ እቀጥፋታለሁ። ያሳዝናል። ግን ተክሉ ያን ጉልበት ወደ ቅርንጫፍ ያዞረዋል። ያላደረጉትም ጥሩ ምርት ያገኛሉ፣ የኔ ምርጫ ነው።

ፍሬ ሲይዝ ድጋፍ እንጨት ትከሉለትና ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። የተሸከመ ቅርንጫፍ በአንድ የሐምሌ ነፋስ ይገነጠላል።

ተባይና በሽታ

በሳምንት ሁለቴ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። ተባይ ያለው ከሥር ነው። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሆኖ ቀንበጡ ላይ የሚርመሰመሰው ክሽክሽ ነው። ጉንዳን ተሰልፎ ግንዱን ሲወጣ ካያችሁ ክሽክሽ አለ ማለት ነው፣ ጉንዳኑ የሚወጣው ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው። ጥቂት ከሆነ በጣት መጨፍለቅ፣ በውሃ ግፊት ማጠብ ይበቃል። ከበዛ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ማታ ከቅጠሉ ሥር ርጩ። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩት፣ በማግስቱ ካልተቃጠለ ቀጥሉ። ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ትንሽ ጥንዚዛ ካገኛችሁ ተዉአት፣ ክሽክሽ ትበላለች።

ቅጠሉ ተጨማድዶ፣ ቢጫና አረንጓዴ ተዥጎርጉሮ፣ ተክሉ ካጠረ ቫይረስ ነው። መድኃኒት የለውም። ክሽክሽና ነጭ ዝንብ ከአንዱ ወደ አንዱ ያዛምቱታል፣ ስለዚህ ሳትራሩ ንቀሉት። ሲጋራ የምታጨሱ ደግሞ ተክሉን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ትንባሆ ላይ ያለ ቫይረስ በእጅ ወደ ቃሪያ ይተላለፋል።

ሥሩ በስብሶ የሞተውን ከነአፈሩ አንሱት፣ ብስባሽ ውስጥ አትጨምሩት። በዚያ ቦታ ሁለት ሦስት ዓመት ሽንኩርት ወይም ጎመን ይብቀል። የፍሬው ጫፍ ጠቁሮ ከገባ ግን ሁሌ በሽታ አይደለም፤ ውሃው ስላልተስተካከለ ካልሲየም ጫፉ ላይ ሳይደርስ ቀርቶ ይሆናል። አጠጣጡን አስተካክሉ፣ ቀጣዩ ፍሬ ደህና ይወጣል።

ለቀማ

ከተዛወረ ከሁለት ወር እስከ ሁለት ወር ተኩል አረንጓዴው ይደርሳል፣ ደጋ ላይ ትንሽ ይዘገያል። የደረሰ ቃሪያ ጠንካራ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ጫን ሲሉት ወደ ውስጥ አይገባም። በመቀስ ከነግንጩ ቁረጡት። በእጅ ሲጎትቱት ቅርንጫፉ አብሮ ይመጣል፤ ቃሪያ መገጣጠሚያው ላይ ደካማ ነው፣ ቀጭ ይላል፣ ከነአበባው ከነለጋ ፍሬው እጃችሁ ላይ ይቀራል። ልጆቼን መጀመሪያ ያስተማርኳቸው መቀሱን ነው።

በለቀማችሁ ቁጥር ይጨምራል። ፍሬው እላዩ ላይ ሲቀላ ግን ተክሉ ሥራዬን ጨርሻለሁ ይላል፣ ማበቡን ይቀንሳል። ስለዚህ ለዩአቸው። እኔ ከስድስቱ አራቱን ለአረንጓዴ፣ ሁለቱን ለቀይ እተዋለሁ።

ለበርበሬ የተተዉት በደንብ ሲቀሉና ትንሽ ጨምደድ ሲሉ ይለቀማሉ። ስታሰጡ መሬት ላይ አይሁን። ቆጥ ወይም አልጋ መሰል ነገር ላይ ሰሌን ዘርጉና አንድ ረድፍ አድርጋችሁ አስጡት፣ ማታ ጤዛ ሳይነካው አስገቡት። እርጥበት የነካው በርበሬ ይሻግታል፣ ሻጋታው ደግሞ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመጣ ይችላል፤ የሻገተውን ጥቂት ነው ብላችሁ ከሌላው ጋር እንዳታስፈጩት። ዛላውን ጆሯችሁ አጠገብ ስትነቀንቁት ዘሩ ከተንሿሿ ደርቋል።

ስንግ ስትሠሩ ወይም ሚጥሚጣ ስትነኩ የሚያቃጥለው ዘሩ አይደለም፣ ዘሩ የተጣበቀበት ነጭ ሥጋ ነው። ለልጆች ማለስለስ ከፈለጋችሁ እሱን ጠርጋችሁ አውጡት። እጅ ካቃጠለ መጀመሪያ ዘይት ቀቡት፣ ቀጥሎ በሳሙና እጠቡት። የሚያቃጥለው ነገር በዘይት እንጂ በውሃ አይሟሟም። አፍ ሲቃጠልም ከውሃ ይልቅ ወተት ወይም እርጎ ነው።

ለሚመጣው ዓመት

ዘር የምታስቀሩት ከጥሩ ፍሬ ሳይሆን ከጥሩ እግር ነው። ክረምቱን ሳይታመም ያለፈው፣ ብዙ የያዘው፣ ያን ምረጡና ሁለት ሦስት ፍሬ እላዩ ላይ ሙሉ በሙሉ ይቅላ። ከአጠገቡ የማያቃጥለው የፈረንጅ ቃሪያ ካለ ንብ ልታዳቅላቸው ትችላለች። የዘንድሮው ፍሬ ጣዕም በዚህ አይለወጥም፣ የሚለወጠው ከዘሩ የሚወጣው ነው። ስለዚህ ለዘር የፈለጋችሁትን ቅርንጫፍ ከማበቡ በፊት ቀጭን ጨርቅ አልብሱት። ዘሩን አውጥታችሁ ጥላ ላይ፣ ወረቀት ላይ አድርቁት። ከዚያ ፖስታ ውስጥ ክተቱና ዓይነቱንና ዓመቱን ጻፉበት፣ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

እግሩን ደግሞ መስከረም አልቆ ሲደክም ቶሎ አትንቀሉት። ቃሪያ ውርጭ ካልገደለው ከአንድ ዓመት በላይ የሚኖር ተክል ነው፣ ሚጥሚጣማ ዓመታት ይቆያል። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሦስት አራት ዋና ቅርንጫፍ ትታችሁ ሌላውን በግማሽ ቁረጡት። ባልዲ ውስጥ ከሆነ ሌሊት ሌሊት ወደ ውስጥ አስገቡት፣ መሬት ላይ ከሆነ ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ሸፍኑት፣ ውሃውን በጣም ቀንሱለት። የካቲት ላይ ከአሮጌው ግንድ ለጋ ቅጠል ሲያወጣ ሽፋኑን አንሱና አንድ እፍኝ ብስባሽ ስጡት። አዲሱ ችግኝ ገና መስኮት ላይ እያለ ያ አሮጌው እግር አብቦ ታገኙታላችሁ።